ያልተቆረጠ ጨርቅ

ሱቄ ደብረ ሲና፣ ከአስፋልቱ በታች ነው፣
ጠዋት ጭጋግ ወጥቶ በሩን የሚደፍነው።
ከጣርማበር በኩል የጭነት መኪና
ፍሬን እያፏጨ ሲል ጎንበስ ቀና፣
እቆጥራለሁ ቁጭ ብዬ፦ ሲኖው፣ ተሳቢው፤
ክሩን እንደጎረሰ መርፌው ቀረ ሳይውጠው።

ጨርቁን ያመጣችው አጸደ ናት፣ ጳጉሜን ሦስት፣
ቆሎ ሸጣ ሸጣ በአውቶብሱ መስኮት፣
በስኒ እየሰፈረች ካጠራቀመችው፣
ሰማያዊ ቴትሮን፣ ሁለት ሜትር ነው።
ልጇን ከፊቴ አቆመች፣ ወንድይፍራውን፣
«ለትምህርት ቤት ነው፣ ለካው» አለች «ክንዱን»።
ለካሁት። አርባ አንድ። በጠመኔ ጻፍኩት
ከመዝጊያዬ ላይ፤ እንዳልረሳው ብዬ አሰመርኩበት።
«መቼ ልምጣ?» አለችኝ።
«ነገ ነይ» አልኳት።

ነገም መጣች።
መኪናው ደርቋል፣ ቅድሚያ ዘይት ላጠጣ፤
መቀሱም ደንዟል፣ ሳይሳል ለሥራ እንዳይወጣ፤
ቁልፎቹን ለየሁ፣ ነጩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ፣
በሦስት የወተት ቆርቆሮ ከተትኳቸው በየዘሩ።
ሰው ቢያየኝ «አቤት ትጋት!» ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤
ከአንዲት ሥራ ለመሸሽ አሥር ሥራ እሠራለሁ።
ከዚያ ስልኬ ትንጫጫለች። አንዴ ላያት ብዬ ሳነሣት፣
ቀና ስል ጭጋጉ ሄዷል፣ ለፀሐይዋም ቀርቷታል ጥቂት።
የማላውቀው ሰው ሠርግ፣ የማላውቀው ሰው ልቅሶ፤
አውራ ጣቴ ደክሞ ዋለ፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት አርሶ።

አጸደ አትቆጣም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«አይዞህ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው» ትላለች ቆማ ከበር፣
ከቅርጫቷ አንድ እፍኝ ትዘግንልኛለች፣ ሱፍ ያለበት፤
ስትሄድ እቆረጥማለሁ፣ ጨርቁን እያየሁት።

ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ለማንም አልነገርኩ።
አንድ ጊዜ የሙሽራ ኮት አጣምሜ ቆረጥኩ።
ሠርጉ በማግስቱ ነበር። የሰውየው ዝምታ
እስካሁን ሱቄ ውስጥ አለ፣ መስቀያው ላይ፣ በኮቱ ፋንታ።
ያልተቆረጠ ጨርቅ አይሳሳትም። ተጣጥፎ ሲቀመጥ
ምንም አይጎድለውም። መጉደል የሚጀምረው ሲቆረጥ።

ከጥምቀት ማግስት ልጁን መንገድ ላይ አገኘሁት፣
ክርኗ የተተረተረ አሮጌ ሹራብ እንዳጠለቃት።
«ዛሬም ከሰልፍ አስወጡኝ» አለኝ፣ እንደ ተራ ወሬ።
«ዩኒፎርምህስ?» ሲሉት
«ሰፊው ጋ ነው» ብሏል።
ሰፊው ጋ!
ስሜን ማንም ሳይጠራ፣ እኔም ከሰልፍ ወጣሁ።

ጠራሁት። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ክንዱ ላይ ዘረጋሁ።
አርባ አራት።
ደግሜ ለካሁ። አርባ አራት።
መዝጊያው ላይ ጠመኔው አሁንም «አርባ አንድ» ይላል።
ልጁ ነገን አልጠበቀም፣ አድጓል።
ጨርቁ ግን አላደገም።

ያን ለት ስልኩን አጥፍቼ ከጥቁር ቁልፎቹ ቀበርኩት፣
የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋሁ፣ መቀሱን አነሣሁት።
እጄ ተንቀጠቀጠ። «ሙሉ ልብስ አይደለም» አልኩት፣
«አንድ ስፌት ብቻ፤ ከብብት እስከ ወገብ።
እሱን ጨርስና ተነሥ።»
ጨረስኩ። አልተነሣሁም።
መኪኖች ወረዱ፣ ስንት እንደሆኑ አላውቅም።
መብራት ሄደ፣ ሻማ ለኮስኩ፣ እግሬ ከፔዳሉ አልወረደም።
እጅጌው አጠረ። ሦስት ሳንቲ፤ የአራት ወር ዋጋ።
ከሌላ ሰማያዊ፣ ከጠቆረው፣ ጠርዝ ቀጠልኩበት ሳይነጋ።

ማለዳ መጣች። አየችው። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።
«ቆንጆ ነው» አለች። ቆሎ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች።
አልተቀበልኩም።

በሳምንቱ አንዲት ልጅ መጣች፣ ጨርቅ በፌስታል ይዛ፣
«እንደ ወንድይፍራው፣ ጠርዝ ያለው» አለች፣ በጭጋጉ ቀዝቅዛ።
ለካ ስንፍናዬ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ፋሽን ሆኖ ኖሯል!

አፌ ለምዶበት «ነገ» ሊል ከፈት አለ።
እንደ ቆሎ ቆርጥሜ ዋጥኩት።
«ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። ክንድሽን ዘርጊ።»